የቁም ሣጥኑ ቁልፍ

ሰማሁ፣ ስመኝ፣ ጓሮሽን ከፍለሽ
ሁለት ክፍል ሠርተሽ፣
ለሳምንት እንግዳ፣ ለሁለት ቀን አዳሪ
ልታከራይ ነው አሉ። ደግ ነው፣ ሞክሪ።
እኔም እዚህ ሽምብጥ ስድስት ዓመት ሙሉ
ቁልፍ ሳቀብል ኖርኩ ለሚገቡት ሁሉ።
የተማርኩት ጥቂት፣ የከሰርኩት ብዙ፤
ስሚኝና ያዥው፣ አይከብድም መያዙ።

መጀመሪያ ውሃ። ሮቶ ሳትሰቅዪ
"ኑ ግቡ" አትበዪ።
ባሕር ዳር እኮ ነው፤ ሰው ጣናን ታቅፎ
ጀሪካን ያሰልፋል ቧንቧው ሲቀር አኩርፎ።
አንድ የድሬ ሰው ነበር፣ ሳሙና ፊቱን ሞልቶት
"እትየ! እትየ!" ሲል ውሃው ጥሎት፣ ከድቶት፤
ባልዲ ይዤ ስሮጥ በሌሊት ልብሴ፣
ያን ለታ አፈርኩኝ በገዛ ራሴ።

መብራትም ያው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፤
ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ራስጌው ይውላል።
ሻማ ግን አይሁን፤ መጋረጃ ይበላል።

አንሶላ ሦስት ሦስት፤ አንዱ አልጋ ላይ ሲሆን
አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ተጠባባቂ ይሁን።
የነሐሴን ፀሐይ አትመኚ፤
ብትወጣም እንኳን፣ አትመኚ።

ፎቶ ስታነሺ ቤቱን አታሽሞንሙኚ፤
"ሐይቅ ፊት ለፊቱ" ብለሽ አትለምኚ።
ሐይቁ የሚታየው ጣራ ላይ ሲወጣ፣
አንገት ሲንጠራራ፣ ዋርካው ቅጠል ሲያጣ
ከሆነ፣ እንደዚያው ጻፊው።
የመሪጌታ ውቤ አውራ ዶሮ በዘጠኝ ሰዓት
ሳይሳሳት
ይጮሃል ሌሊት፤ እሱንም ጻፊው።
ሰው በትንሽ እውነት ይስቃል፣ ይመጣል፤
በትልቅ ውሸት ግን ሻንጣውን ያነሣል።

ጥምቀት ሲደርስ ዋጋው ይወጣል፤ ያለ ነው።
ቃል ከሰጠሽ በኋላ ግን ቃል ቃል ነው።
አንዴ ክፍሉን ለባለ መኪና፣ ለጨመረ ሸጬ፣
የቀደመውን ሰው ከበር መለስኩት ዐይኔን አፍጥጬ።
ልጅ አዝሎ ነበረ። መነኸሪያ አደረ።
ብሩ በሳምንቱ አለቀ፤ የልጁ ፊት ግን ቀረ።

መታወቂያ ሳታዪ ቁልፍ እንዳታወጪ፤
"የአጎትሽ ልጅ ነኝ" ቢል፣ ስቀሽ መዝግቢና ስጪ።
ብርጭቆ ቢሰበር በሂሳብ አትጻፊው፤
ፍራሽ ከተቃጠለ ግን አትለፊው።
እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት
ያለው ተረት
አያውቅም የኛን ቢጤ ባለቤት፤
ለኛ በሦስተኛውም ቀን ወርቅ ነው፣
ሂሳቡን የሚከፍለው ያኔ ነው።

ይሄኛውን ለማንም አልነገርኩም።
ያ የጥጉ ክፍል የይርሳው ነበር።
እሱ ሲያርፍ አልጋውን ቀየርኩ፣ ግድግዳውን አስቀባሁ፤
ቁም ሣጥኑን ግን ቆልፌ ቁልፉን ባንገቴ አጠለቅሁ።
ኮቱ፣ የጀልባ ሞተር የሚፈታበት መፍቻ፣ መነጽሩ፣
ሁሉም እዚያው ከነአቧራቸው ነበሩ።
እንግዳ ይገባል፤ ለሦስት ቀን ከፍሎ በማግስቱ ይወጣል።
ምን ጎደለ? ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ አንሶላው ይነጣል።
አንዲት የሞጣ ነርስ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታው፣
ልብሷን ወንበር ላይ ደራርባ አድራ፣ በነጋታው
"እትየ፣" አለችኝ፣ "እዚህ ክፍል ሌላ ሰው አለ?"
ሳቅሁ።
"የለም" ለማለት አፌ እምቢ አለ።

የዚያን ለት ከፈትኩት። ኮቱን ለጀልባ ዘበኛው፣
መፍቻውን ለሙያ ጓደኛው።
መነጽሩን አላወቅሁም ለማን እንደሚሆን፤
እኔው አደርገዋለሁ ደረሰኝ ስጽፍ፣ ባይልከኝም እንኳን።
ስድስት ባዶ መስቀያ ገዝቼ ሰቀልኩ።
ስሙ ይርሳው ነበር፤ እኔ ግን አልረሳሁ፣
የሰው ልብስ ይሰቀል ብዬ ነው ያነሣሁ።

የእናትሽ ሣጥን እዚያኛው ክፍል እንዳለ አውቃለሁ።
ዛሬ አይሁን፤ ስትችይ። መጥቼ አግዝሻለሁ።
ሮቶው ግን ነገውኑ ይሰቀል፤
ዋጋው ሊጨምር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።